የደሴ ተጋቢኖ

ወሎ ላይ ሥጋ ሲነሳ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ሥጋ ቤት የየራሱ ነው። ሽሮ ግን ባርኮ የሚያርድ አይፈልግም። ስለዚህ የደሴ ጓደኛሞች ምሳ ሲወጡ ብዙ ሳይማከሩ ወፈር ያለውን ሽሮ፣ ተጋቢኖን፣ ያዛሉ። በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይቀርባል፤ ቃሪያው ከጎን። የመጀመሪያው ጉርሻ ምላስ ይለበልባል፣ ሆኖም እስኪበርድ የሚታገስ የለም። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለች ብርዳም ከተማ ከዚህ የተሻለ ምሳ አላውቅም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ ሙቀቱ ይቀበላል፤ እዚያ ፈሰስ ያለው ሽሮ ይሻላል ባይ ነኝ።

ቤት ውስጥ መሥራቱማ ምን አለው? ሽንኩርቱን ማቁላላት፣ ውሃው ሲፈላ ሽሮውን እየነሰነሱ ማማሰል። ልፋቱ ያለቀው ቀድሞ ነው፤ ሽምብራው ሲቆላ፣ ሲከካ፣ ከነቅመሙ ሲፈጭ። እናት የላከችው ሽሮ ቤት ካለ ሆቴሉ ይቅርብኝ።