ፉከራ፣ ሙሾ፣ እንጉርጉሮ፦ የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት የተጻፈበት መንገድ

በደራ ወረዳ፣ በአንበሳሜ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች፣ እህሉ ማፍራት ሲጀምር ልጆች ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ይወጣሉ። ወፉን ከዳጉሳው፣ ዝንጀሮውን ከበቆሎው የሚያርቁት በዚያ ወንጭፍ ነው። ጠጠሩ አየሩን ሰንጥቆ ሲያፏጭ፣ ከማዶ ያለ ሰው ወንጫፊው ማን እንደ ሆነ በድምፁ ይለያል። የጎበዝ ወንጫፊ ስም ከአንዱ ጎጥ ወደ ሌላው ይሻገራል። ትከሻው ተጎድቶ ወጌሻ ዘንድ ሲታሽ የከረመበትን ጊዜ ግን የሚያስታውስለት የለም። ጠጠሩ የት እንደ ወደቀ ይወራል፤ የወረወረው ክንድ ምን እንደ ደረሰበት አይወራም።

ይህ ልማድ ከማማው ወርዶ በመጻሕፍታችንና በጋዜጦቻችን ውስጥ የሰፈረ ይመስለኛል። ስለ አትሌቶቻችን ስንጽፍ ሁለት ድምፅ ብቻ አለን። ሲያሸንፉ እንፎክራለን፤ ሲወድቁ ሙሾ እናወርዳለን። በሁለቱ መካከል ያለው ረጅም ጊዜ፣ ማለትም ሰውየው ተጎድቶም ሥራውን ያልተወበት ጊዜ፣ በጽሑፋችን ውስጥ ድምፅ አላገኘም። ለዚህ ከሻምበል አበበ ቢቂላ ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ወደ እሱ ከመድረሴ በፊት ግን ወንጭፍን ወደሚያስታውስ የሩቅ አገር ጨዋታ ላቅና።

በአገራችን ብዙም በማይታወቀው በቤዝቦል፣ የጨዋታው ክብደት የሚያርፈው በኳስ ወርዋሪው ላይ ነው። ፒቸር ይሉታል። ቡድኑ ሲያሸንፍ ድሉ በአንድ ወርዋሪ ስም ይመዘገባል፤ ቡድኑ ሲሸነፍም ሽንፈቱ እንዲሁ በአንድ ወርዋሪ ስም ይጻፋል። ስለዚህ የወርዋሪ ታሪክ ሁልጊዜ በሁለት ቁጥር ይነገራል። ግራኙ ሳንዲ ኩፋክስ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1960 ባሉት 6 ዓመታት 36 ጊዜ አሸንፎ 40 ጊዜ ተሸንፏል። በቀጣዮቹ 6 ዓመታት 129 ድልና 47 ሽንፈት ተመዘገበለት። በ1966 የውድድር ዘመን 27 ጨዋታ አሸንፎ፣ 9 ተሸንፎ፣ በክርን ሕመም የተነሳ ገና በ30 ዓመቱ ጨዋታውን ተወ። ዛሬ ስሙ በተነሳ ቁጥር 165 እና 87 አብረው ይነሳሉ። 87ቱን ሽንፈት የሰረዘበት የለም፤ በዚህም ምክንያት ክብሩ አልጎደለም። ጨዋታውን በተወ በ6ኛው ዓመት፣ በ36 ዓመቱ፣ ወደ ቤዝቦል የክብር አዳራሽ የገባ በዕድሜ ትንሹ ሰው ሆነ።

የቶሚ ጆን ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይገርማል። ሐምሌ 1974 እ.ኤ.አ. የግራ ክርኑ ጅማት ተበጠሰ። መስከረም 25 ቀን ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ ከቀኝ ክንዱ ጅማት ወስዶ የግራ ክርኑን አጥንቶች አሰረበት። ከዚያ በፊት ማንም ወርዋሪ ያልተደረገለት ቀዶ ሕክምና ስለነበር፣ ሐኪሙ ራሱ የሰጠው ተስፋ ከመቶ አንድ ያህል ነበር። ጆን የ1975ን ውድድር ሙሉ በሙሉ ሳይጫወት አሳልፎ በ1976 ተመለሰ፤ እስከ 46 ዓመቱ ወረወረ። ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የመጡ ናቸው። ዛሬ ያ ሕክምና የሚጠራው በቁስለኛው ስም ነው። ጉዳቱን ከድሉ ነጥሎ የሚጽፍ የቤዝቦል ጸሐፊ አይገኝም፤ ቢሞክርም ታሪኩ አይቆምለትም።

እስቲ የእኛን ሰው በዚህ ዓይን እንቁጠረው። አበበ በሕይወቱ 16 ማራቶኖችን እንደ ሮጠ ተመዝግቧል። 12ቱን አሸነፈ፤ 4ቱን አላሸነፈም። በቤዝቦል አጻጻፍ 12 ለ 4 መሆኑ ነው። ከ12ቱ ውስጥ ሁለቱን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። የመጀመሪያው የሮም ድል ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ፣ በችቦ ብርሃን፣ 2፡15፡16። ሁለተኛው የቶኪዮ ድል ነው፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ 2፡12፡11። አራቱን ግን ማን ይቆጥራል? የመጀመሪያው አዲስ አበባ ላይ ማራቶንን ሲጀምር ሁለተኛ የወጣበት ነው። ሁለተኛው ቦስተን ነው፤ ሚያዝያ 1955 ዓ.ም. ከማሞ ወልዴ ጋር ለረጅም ርቀት እየመራ ሄዶ አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ። የቀሩት ሁለቱ እግሩ በ1959 ዓ.ም. ክረምት መጎዳት ከጀመረ በኋላ የሮጣቸውና ያቋረጣቸው የመጨረሻዎቹ ውድድሮች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ሜክሲኮ ነው፤ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋርጦ ወጣ። ማሞ ወልዴ 2፡20፡26 ገብቶ የኢትዮጵያን ሦስተኛ ተከታታይ የማራቶን ወርቅ አመጣ።

የሜክሲኮ ታሪክ በእኛ ዘንድ የማሞ ድል ሆኖ ነው የሚነገረው፤ ይገባዋልም። ነገር ግን የአበበን 17 ኪሎ ሜትር ከማሞ 42 ኪሎ ሜትር ጋር አያይዞ የጻፈ አማርኛ ጽሑፍ ብዙ አላነበብኩም። በታመመ እግር፣ ሁለት ወርቅ ይዞ፣ አየሩ በሳሳበት ከተማ ለሦስተኛ ጊዜ መነሻው ላይ የቆመ ሰው ምን አስቦ ነበር? ፉከራ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም፤ የሚያውቀው ድልን ነው። ሙሾም አይጠይቅም፤ ሰውየው ገና አልሞተም።

ሙሾው ተራውን ያገኘው ከአምስት ወር በኋላ ነው። መጋቢት 1961 ዓ.ም. አበበ ሲያሽከረክራት የነበረችው ቮልስዋገን ሸኖ አካባቢ ተገለበጠች። በመጀመሪያ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አልቻለም። ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተወሰደ፤ እዚያም ስምንት ወር ያህል ታከመ። እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ አልተመለሱም። አብዛኛው ጽሑፋችን ታሪኩን የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ያሉትን አራት ዓመት ተኩል በሁለት ዓረፍተ ነገር አልፎ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ወዳረፈበት ቀን ይሻገራል።

እኔ ግን ቆም ማለት የሚገባን እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ስቶክ ማንድቪል ተራ ሆስፒታል አልነበረም። ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1948፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ቀን፣ አከርካሪያቸው የተጎዳ 16 የቀድሞ ወታደሮችን ቀስት ያወዳደረው እዚያ ነው። ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ከዚያ ሜዳ በቀለ። አበበም በ1962 ዓ.ም. በዚያው በስቶክ ማንድቪል ጨዋታዎች ላይ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በዓመቱ ኖርዌይ ውስጥ፣ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ መንሸራተቻ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። የክቡር ዘበኛው ወታደር፣ ዓለም በእግሩ ያወቀው ሰው፣ ሙያውን ወደ ክንዱ አዛወረ። የቶሚ ጆን ጅማት ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ተሻገረ፤ የአበበ አትሌትነት ግን ከእግር ወደ እጅ ነው የተሻገረው። ይህ የሙያው አንድ ምዕራፍ ነው፤ ከሙያው በኋላ የመጣ የጡረታ ወሬ አይደለም።

ስለ እሱ የተሠሩት ሥራዎች በዚህ ረገድ እኩል አይደሉም። የኮን ኢቺካዋ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ዘጋቢ ፊልም፣ በ1965 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የአበበን ፊት ከቅርብ ይዞ ረዘም ላለ ጊዜ ይከተለዋል። በጣም ውብ ነው። ጉዳቱም በውበቱ ውስጥ አለ፤ ድካም የማይነካው፣ ከሥጋ የራቀ ሰው አድርጎ በዓለም ዓይን ተከለው። ልጁ ጽጌ አበበ በ1996 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተሙት የሕይወት ታሪኩ ደግሞ በርዕሱ ላይ ድልንና አሳዛኝ መከራን ጎን ለጎን ያቆማል። አባታቸውን በዚያ ዕድሜ ያጡ ልጅ እንዲህ ብለው መሰየማቸውን ማንም ሊነቅፍ አይችልም፤ እኔም አልነቅፍም። ያሳሰበኝ ከእሳቸው በኋላ የመጣን ጸሐፊዎች ያንን ሁለት ክፍል እንዳለ መውረሳችን ነው፤ ሐዘኑ የእሳቸው ነው፣ የእኛ ሥራ ግን መመርመር ነበር።

ራስሴላስ ላቀው ከዴቪ ፍራንክል ጋር አዘጋጅቶ፣ አበበንም ሆኖ የተወነበት «አትሌቱ» የተሰኘው የ2009 እ.ኤ.አ. ፊልም ከሁሉም ወደ ልቤ ይቀርባል። ፊልሙ መሐል ላይ ያስቀመጠው አደጋው የደረሰበትን ጉዞና ከዚያ በኋላ ያለውን ትግል ነው፤ ሮምና ቶኪዮ በትዝታ ይመጣሉ። ሚዛኑን በዚህ መንገድ መገልበጡ ድፍረት ነው። ከዚያ በፊት ያየሁት ሁሉ ሮምን ቤት፣ ስቶክ ማንድቪልን ጓሮ አድርጎ ነበር።

እንግዲህ የሚጎድለን ድምፅ የትኛው ነው? እዚህ ላይ የአገራችን የቃል ግጥም ራሱ መልስ አለው ብዬ አምናለሁ። ከፉከራና ከሙሾ ሌላ እንጉርጉሮ አለን። በደብረ ታቦርና በጉና ግርጌ ባሉ መንደሮች ያደገ ሰው፣ እናቱ በሌሊት ወፍጮ ላይ ሆና ስታንጎራጉር ያልሰማ አይመስለኝም። እንጉርጉሮ ድል አድራጊ አይዘፍነውም፤ አልቃሽም አታወርደውም። የሚያንጎራጉረው እጁ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። ድካሙን ይናገራል፣ መጁ ግን አይቆምም። የሕመምም የሥራም ድምፅ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። የአበበ የመጨረሻ ዓመታት የሚጻፉት በዚህ ድምፅ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ የቀስት ጅማት የሚስብ ሰው እየተሸነፈ ነው ወይስ እያሸነፈ? እንጉርጉሮ እንድንመርጥ አያስገድደንም።

ጉዳዩ የድሮ ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅኩ። ቀነኒሳ በቀለ ዛሬም በመካከላችን አለ። በቤጂንግ 2008 እ.ኤ.አ. በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ድርብ ወርቅ ወሰደ። ከዚያ የባት ጉዳት መጣ፣ ለንደን 2012 ላይ በ10,000 ሜትር አራተኛ፣ ዱባይ ላይ በ2015 እና በ2017 ያቋረጣቸው ማራቶኖች። ብዙዎች ሙሾውን ጀምረው ነበር። በ2019 በርሊን ላይ 2፡01፡41 ሮጦ ከዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ ብቻ ሲቀር፣ ያው ብዕር ወደ ፉከራ ተመለሰ። በፓሪስ 2024 ደግሞ 39ኛ ወጣ፤ ብዕሩ ዝም አለ። ሰውየው በ42 ዓመቱ የኦሊምፒክ ማራቶን መጨረሱ ለእኔ ዜና ነው፤ የኩፋክስን 87 ሽንፈት የሚጽፍ አገር ቢሆን ዜና ያደርገው ነበር።

የጀግናን ውድቀት መቁጠር ገመናውን መግለጥ ነው የሚል ይኖራል። ስሜቱ ከአክብሮት የመጣ ስለሆነ አልንቀውም። ሆኖም የምንደብቀው ውድቀት የሚጎዳው ጀግናውን ሳይሆን ከኋላው የሚመጣውን ልጅ ነው። እግሩ ሲታመም፣ አበበም እንዲህ ሆኖ ነበር፤ እንዲህም አድርጎ ነበር የሚለውን ገጽ አጥቶ፣ የእሱ ብቻ ዕጣ መስሎት ጫማውን ይሰቅላል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለደብረ ታቦርና ለአንበሳሜ የስፖርት መምህራንና አሠልጣኞች ነው። የልጆቹን ውጤት በምትመዘግቡበት ደብተር ላይ፣ ከደረጃና ከሰዓት ቀጥሎ አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ ልጁ ያቋረጠው ውድድር፣ የታመመው እጅ ወይም እግር፣ ወደ ሜዳ የተመለሰበት ቀን ይጻፍበት።