ነውር በሬዲዮ

በደቻቱ ግራና ቀኝ፣ በከዚራና በመጋላ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በአንድ ጨዋታ ላይ ይቀላቀላሉ። ወሬው ወደ ወንድና ሴት ነገር ሲደርስ ግን ሦስቱም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ያለን ቃል ወይ ስድብ ነው፣ ወይ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው «ሥነ ተዋልዶ» ነው። በስድብ እናትን መጠየቅ አይቻልም፤ በፖስተር ቋንቋም ጓደኛን ማማከር ይከብዳል። «የቀን ቅኝት» የተሰኘውን የሬዲዮ ተከታታይ ድራማ የምመዝነው ከዚህ ችግር አንጻር ነው።

ድራማው በፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር አዘጋጅነት ከግንቦት 1994 እስከ ኅዳር 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተላለፈ። በኦሮምኛም «ዲምቢባ» የተባለ አቻ ነበረው። ስልቱን የነደፈው ሜክሲኮአዊው ሚጌል ሳቢዶ ነው፤ አንዱ ገጸ ባሕርይ በጎ፣ ሌላው ክፉ፣ ሦስተኛው በሁለቱ መካከል የሚዋልል ይሆናል። አድማጩ ከሚዋልለው ጋር እየተጨነቀ ይማራል።

የስልቱ ብርታት እዚህ ላይ ነው። ልጅ «እኔ እንዲህ ሆንሁ» ለማለት ቢያፍር፣ «ያቺ የድራማዋ ልጅ ምን ማድረግ ነበረባት?» ማለት አያሳፍረውም። ሐሜት እንኳ ለቁም ነገር ይውላል። አዘጋጆቹ እንደዘገቡት አድማጭ ወንዶች ካላደመጡት በአራት እጥፍ፣ አድማጭ ሴቶችም በሦስት እጥፍ የኤች አይ ቪ ምርመራ ጠይቀዋል። እርግጥ ነገሩ ቀድሞ ያሳሰበው ሰው ይበልጥ አድምጦ ሊሆን ስለሚችል ልዩነቱን ሁሉ ለድራማው መስጠት አይገባም፤ ውጤቱ ግን የሚናቅ አይደለም።

ቅሬታዬ ከዚያው ስልት ይመነጫል። በጎው ሊሸለም፣ ክፉው ሊቀጣ ግድ ነው። ቅጣቱ በሽታ በሚሆንበት ጊዜ ሕመም ፍርድ ይመስላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ ይሁንና የታመመ ሁሉ እንደ በደለኛ ከታየ ማን ደፍሮ ይናገራል? ከባሏ በቀር ሌላ የማታውቅ ሚስት፣ የተደፈረች ልጅስ ከየትኛው ወገን ይመደባሉ? አንደበት ለመፍታት የተሠራ ድራማ ሳያስበው አንደበት ሊዘጋ ይችላል።

ስለዚህ ለወጣቱ የሚጽፍ ደራሲ ከቅጣቱ ይልቅ በንግግሩ ላይ ቢደክም እመርጣለሁ። ልጂቱ እናቷን የምትጠይቅበትን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፣ እናትም ሳትቆጣ የምትመልስበትን ቃል ፈልጎ ይስጠን። ያ ቃል በደቻቱ ዳር ሰው አፍ ከተለመደ፣ ሬዲዮው ሲዘጋ አብሮ አይዘጋም።