«እኩል ነው» ከማለታችን በፊት፦ በማሕፀን ካንሰር የኬሞቴራፒና የጨረር ሕክምና ሙከራዎች ላይ የቀረበ ሂሳዊ ንባብ

በአማርኛ «የማሕፀን ካንሰር» ስንል ብዙውን ጊዜ ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም እንጠራለን። አንደኛው ከማሕፀን በር የሚነሣው ሲሆን በአገራችን ጎልቶ የሚታየው እርሱ ነው። ሁለተኛው ከማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመነጨውና በአብዛኛው የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ በሚከሰት የደም መፍሰስ ራሱን የሚገልጸው ነው። የስሙ መደባለቅ የአንዱን ማስረጃ ለሌላው ወደ መጠቀም ስለሚመራ ቀላል ስሕተት አይደለም። ሥር ለሰደደ የማሕፀን በር ካንሰር ዋናው ሕክምና ጨረር ሲሆን ሲስፕላቲን አብሮት ይሰጣል። ለማሕፀን ሽፋን ካንሰር ግን ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው፤ ጨረርና ኬሞቴራፒ በአብዛኛው የሚታሰቡት ከዚያ በኋላ፣ በሽታው እንዳይመለስ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቀዶ ጥገና በኋላ የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር መልኩን የለወጠው በ2006 የጂኦጂ-122 ሙከራ ውጤት በወጣ ጊዜ ነው። በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ ላይ ለነበሩ ሕሙማን ዶክሶሩቢሲንና ሲስፕላቲን መላውን ሆድ በጨረር ከማከም የተሻለ ዕድሜ እንደሚሰጡ አሳየ። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ ሁለቱን ማጣመር ምን ይጨምራል የሚል ነበር። ለዚህም ሁለት ታላላቅ ሙከራዎች ከተቃራኒ አቅጣጫ መልስ ፈለጉ።

ፖርቴክ-3 የተባለው በሰባት አገሮች የተካሄደ ሲሆን፣ ከፍተኛ የማገርሸት ሥጋት ካለባቸው 660 ሴቶች ግማሾቹን ለጨረር ብቻ፣ ግማሾቹን ለጨረርና ለኬሞቴራፒ በዕጣ መደበ። በ2018 በላንሴት ኦንኮሎጂ የወጣው የመጀመሪያው ዘገባ በዕድሜ ላይ ያለው ልዩነት በስታቲስቲክስ ሚዛን አጥጋቢ አይደለም አለ። በ2019 ክትትሉ ሲረዝም የአምስት ዓመት በሕይወት የመቆየት ምጣኔ በጥምሩ ሕክምና 81.4 በመቶ፣ በጨረር ብቻ 76.1 በመቶ ሆኖ ልዩነቱ አጥጋቢ ተባለ። ልብ ሊባል የሚገባው ልዩነቱ በሁለቱም ዘገባዎች ወደ አምስት በመቶ የሚጠጋ እንደ ነበረ ነው። የተለወጠው በዋናነት የእርግጠኝነቱ መጠን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን «አይጠቅምም»፣ ሁለተኛውን «ይጠቅማል» ብሎ ማንበብ ሁለቱንም በትክክል አለማንበብ ነው።

ዋጋውም መታየት አለበት። አንዲት ተጨማሪ ሴት በአምስተኛው ዓመት በሕይወት እንድትገኝ ወደ 19 የሚጠጉ ሴቶች ኬሞቴራፒውን መውሰድ ይኖርባቸዋል። በሕክምናው ወቅት ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የደረሰባቸው በጥምሩ ወገን 60 በመቶ፣ በጨረር ብቻ 12 በመቶ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላም የእጅና የእግር መደንዘዝ ያልለቀቃቸው ነበሩ። ቁልፍ መቆለፍ፣ መርፌ መያዝ፣ በባዶ እግር ወለሉን መለየት ለተሳናት ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በ2019 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣው ጂኦጂ-258 ጥያቄውን ገልብጦ ጠየቀ፤ ኬሞቴራፒ ከተሰጠ ጨረር ምን ይጨምራል? በ736 ሕሙማን ላይ በተደረገው ንጽጽር ከአምስት ዓመት በኋላ ሳያገረሽባቸው በሕይወት የነበሩት በጥምሩ 59 በመቶ፣ በኬሞቴራፒ ብቻ 58 በመቶ ሆኑ። ከዚህ ቁጥር «ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ጨረር አያስፈልግም» የሚል አባባል ተወለደ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ተቃውሞም በዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ፣ ሙከራው የተነደፈው ጥምሩ እንደሚበልጥ ለማሳየት እንጂ እኩልነትን ለማረጋገጥ አልነበረም። መብለጡ አለመታየቱ የእኩልነት ማስረጃ አይሆንም። በሁለተኛ ደረጃ፣ አንዱ ድምር ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ሸፍኗል። በብልት ውስጥ ያገረሸው በጥምሩ 2፣ በኬሞቴራፒ ብቻ 7 በመቶ ነበር፤ በዳሌና በታላቁ ደም ሥር ዙሪያ ባሉ ንፍፊቶች ደግሞ 11 እና 20 በመቶ። በሩቅ አካላት የታየው ግን በጥምሩ 27፣ በኬሞቴራፒ ብቻ 21 በመቶ ነበር። ጨረሩ በአካባቢው ሥራውን ሠርቷል፤ ጠቅላላው ውጤት ግን ይህን አያሳይም።

ሦስተኛው ጉዳይ ሁለቱም ሙከራዎች የተለያዩ ዕጢዎችን በአንድ ከረጢት መክተታቸው ነው። በ2020 የፖርቴክ-3 ተመራማሪዎች የ410 ሴቶችን ናሙና በሞለኪውል ባሕርይው ከፋፈሉት። የፒ53 ጉድለት ባለባቸው ሳያገረሽ አምስት ዓመት የመቆየቱ ምጣኔ በጥምሩ 59፣ በጨረር ብቻ 36 በመቶ ሆነ። የፖሌ ለውጥ ያለባቸው ግን በሁለቱም ወገን ከሞላ ጎደል ሁሉም ዳኑ። ይህ ክፍፍል ሙከራው ካለቀ በኋላ የተሠራ በመሆኑ ጥንቃቄ ይሻል። ሆኖም ያ የአምስት በመቶ አማካይ ብዙ የምትጠቀምንና ምንም የማትጠቀምን ሴት አደባልቆ እንደያዘ ይጠቁማል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ፋይዳ አለው? በአገራችን ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር። ከዚያ ወዲህ በሌሎች ከተሞችም ማዕከላት ተከፍተዋል። ይሁን እንጂ ወረፋና ርቀት ባሉበት ሁሉ «እኩል ነው» የሚለው አባባል ለሐኪሙ ኅሊና ማስታገሻ ሊሆን ይችላል። ጨረር በማይገኝበት ኬሞቴራፒን ብቻ መስጠት የሚያስወቅስ አይደለም። የሚያስወቅሰው ያጣነውን እንዳልፈለግነው አድርገን መናገር ነው።

ልዩነቱ በተግባር ይገለጣል። «እኩል ነው» ብሎ ያመነ ባለሙያ ሕክምናውን ጨርሳ የመጣችውን ሴት ሆዷን ዳስሶ ይሸኛታል። ጨረር እንደቀረባት የሚያስታውሰው ግን ብልቷን በመመርመሪያ መሣሪያ ያያል፤ ጥቂት ደም እንኳ ብታይ ቀጠሮ ሳትጠብቅ እንድትመለስ ይነግራታል። ቀደም ሲል ፖርቴክ-1 በመጀመሪያ ደረጃ ላይ በነበሩ ሴቶች እንዳሳየው፣ ጨረር ላልወሰደች ሴት በብልት ብቻ ያገረሸ በሽታ በጊዜ ከተገኘ በጨረር የመዳን ተስፋ አለው። ያን ተስፋ የሚወስነው የጤና ባለሙያው የሙከራውን ድምር ብቻ ወይስ ዝርዝሩንም ጭምር ማንበቡ ነው።