ባትሪ የሌላት ቺፕና የማራቶን ሰዓት

በታላላቅ የጎዳና ሩጫዎች ላይ በሬዲዮ ሞገድ የመለየት ቴክኖሎጂ የሺዎችን ሰዓት የሚይዘው፣ ሯጩ የሚሸከመው ታግ፣ በምንጣፍ ውስጥ ተቀብሮ መንገዱ ላይ የሚነጠፍ አንቴና፣ ከአንቴናው ጋር በገመድ የተያያዘ አንባቢ መሣሪያና የተነበበውን ቁጥር ከስም ጋር የሚያገናኝ ኮምፒውተር ተቀናጅተው ሲሠሩ ነው። ታግ የሚባለው አንዲት ደቃቅ ቺፕና ከእርሷ ጋር የተያያዘ ቀጭን አንቴና ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ ስለሌለው ኃይሉን የሚያገኘው አንባቢው ከሚያሰራጨው ሞገድ ነው፤ ሯጩ ምንጣፉን ሲረግጥ ቺፗ ለቅጽበት ነቅታ መለያ ቁጥሯን ትናገራለች፣ ሲያልፍም መልሳ ትተኛለች። ስምም ሆነ ዕድሜ በውስጧ የለም፤ በምዝገባ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቁጥሮች ከተለዋወጡ መሣሪያው ያለ አንዳች ስሕተት አንብቦ የአንዱን ሰዓት ለሌላው ይሰጣል።

የሙያው ክብደት ግን በሞገድ ምርጫ ላይ ነው። በጫማ ማሰሪያ ላይ የሚታሰሩት ቀደምት ታጎች በ134 ኪሎኸርዝ አካባቢ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ይህን ዝቅተኛ ሞገድ ውሃና የሰው አካል እምብዛም ባያግዱትም የሚደርሰው ቅርብ ብቻ በመሆኑ ታጉ ከምንጣፉ ሳይርቅ እግር ላይ መዋል ነበረበት። ከ860 እስከ 960 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል የሚሠሩት የኋለኞቹ፣ መሐንዲሱ ሃሪ ስቶክማን በ1948 እ.ኤ.አ. እንዳተተው የተላከውን ሞገድ በማንጸባረቅ የሚመልሱ፣ ርካሽና ከሜትሮች ርቀት የሚነበቡ በመሆናቸው በደረት ቁጥር ጀርባ ይለጠፋሉ፤ ይሁንና አብዛኛው የሰው አካል ውሃ ስለሆነ ሞገዱን ይውጠዋል፣ በላብ በራሰ ካናቴራ ላይ የተጣበቀ ታግም ዝም ሊል ይችላል። ከአንዳንድ ታጎች ሥር የሚታየው ስስ ስፖንጅ ጌጥ ሳይሆን፣ በታጉና በደረቱ መካከል ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት የሚፈጥር መፍትሔ ነው።

ብዙ ሯጮች ተጠጋግተው ሲያልፉ መልሶቻቸው እንዳይደባለቁ አንባቢው እያንዳንዱ ታግ በዕጣ በደረሰው ቅጽበታዊ ተራ እንዲናገር ያደርጋል። ያም ሆኖ የሚያመልጥ አይጠፋምና ጠንቃቃ ባለሙያ ከመድረሻው አለፍ ብሎ ሁለተኛ ምንጣፍ ሳያነጥፍ ውድድር አያስጀምርም።

በዓለም አትሌቲክስ ደንብ ሕጋዊው ሰዓት ሯጩ መነሻውን ከረገጠበት ሳይሆን ከመነሻው ተኩስ ጀምሮ የሚቆጠረው ሲሆን፣ ደረጃ የሚለየውም የሯጩ ደረት መስመሩ ላይ ሲደርስ ነው። አንባቢው ታጉ ወደ ሞገዱ ክልል መግባቱን እንጂ ደረት መስመሩን መንካቱን ስለማያውቅ፣ ሁለት ሯጮች ትከሻ ለትከሻ ሲደርሱ ፍርዱ ዛሬም የዳኛና የካሜራ ነው።