እስቲ አስረዱን፣ መምህር

ደብረ ማርቆስ ላይ ሳስተምር፣ ያስተማርሁት መግባት አለመግባቱን ፈተናው ይነግረኝ ነበር። ካልገባ በሌላ ምሳሌ እመለስበት ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስገባ ያ ፈተና ቀረ። እጅ አውጥቶ አዋጅ ማጽደቅ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ለባለጉዳዩ ገብቶት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ከመራጮች ጋር በተገናኘሁበት የመጀመሪያው ስብሰባ የአንድ አዋጅ አንቀጽና ንዑስ አንቀጽ እየጠራሁ ብዙ ተናገርሁ። አንድ አዛውንት ተነሡና፣ «መምህር፣ ቁጥሩን ይተዉትና፣ መሬቴን ይነካዋል ወይስ አይነካውም?» አሉኝ። በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል ማለት ጀመርሁ። ክፍል ውስጥ ጥንቃቄ የነበረው አነጋገር እዚያ መሸሽ ሆነ።

ጥያቄው ከሩቅ የመጣ ነው። በ1960 ዓ.ም. ፓርላማው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አጸደቀ። ግብሩ በምርት ገቢ ላይ እንጂ በርስት ላይ አልተጣለም፤ የጎጃም ገበሬ ግን የገቢው ግመታ ርስቱን ለመንጠቅ ነው ብሎ አመነ። ጥርጣሬውን ከንቱ አልለውም፤ ከዚያ በፊትም በግብር እና በመሬት ልኬታ ምክንያት ተነሥቶ ያውቃል፣ በሹማምንቱም ተማርሮ ነበር። ሞጣና ብቸና ገማቾችን አናስገባም አሉ። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ከሹመታቸው ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። ያን ያህል ደም ከመፍሰሱ በፊት በአዋጁ ላይ ከገበሬው ጋር ቁጭ ብሎ የተነጋገረ ተወካይ ሊኖር ይገባ ነበር።

ከመምህርነት ወደ ምክር ቤት የገባሁ እኔ ብቻ አይደለሁም። ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ ሥነ ሕይወት፣ ፕሮፌሰር መረራ ጉዲና ፖለቲካ ሳይንስ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ ሁለቱም ተመርጠው ምክር ቤት ተቀምጠዋል። መረራ ከባዱን ክርክር በቀልድና በተረት ማስጨበጥ ይችሉበታል። እኔ ይህን የምቆጥረው ከማዕረጋቸው በላይ ነው።

እኔን ያረመኝ ግን የአገሬ ቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ቀን የቆጠረውን ቅኔ ማታ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ያርሙታል። ምክር ቤቱ በየዓመቱ የሥራ ጊዜው መካከል የአንድ ወር ዕረፍት አለው። ያን ወር የነገራ ጊዜ አደረግሁት፤ ነጋሪው እኔ፣ አራሚው መራጩ። አዛውንቱንም ፈልጌ ለጥያቄያቸው ቀጥተኛ መልስ ሰጠኋቸው።

ከዩኒቨርሲቲ ተነሥታችሁ የምትወዳደሩ መምህራን፣ ረቂቅ አዋጅ ሲደርሳችሁ፣ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ለአንድ ገበሬ አስረዱት። ጥያቄውንም ይዛችሁ ወደ ምክር ቤት ግቡ።