ከተጣለው ቁርጥራጭ የተነበበ ሕይወት
«ያልታወቀው ቻፕሊን» ስለሚባለው የቴሌቪዥን ፊልም የቀረበ ሒስ

የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ በጽሑፍ ማቅረብ የቈየ ልማድ ነው። ጸሐፊው «በዚያን ጊዜ እጅግ አዘነ» ብሎ ሲጽፍ አንባቢው ያምነዋል፤ ኀዘኑን በዐይኔ ልየው ብሎ አይጠይቅም። በቴሌቪዥን የሚቀርብ የሕይወት ታሪክ ግን ይህ መብት የለውም። ካሜራ የሚያሳየው ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ የአንድን የቀድሞ ዘመን የሲኒማ ተዋናይ ሕይወት በቴሌቪዥን ለማቅረብ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ «ከዚህ ሰው ሕይወት የሚታየው የትኛው ነው?» የሚል ነው።

ብዙዎቹ አዘጋጆች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኞቹ ወዳጅና ዘመድ በተራ እያስቀመጡ ምስጋና ያሰማሉ፤ በምስጋናውም መካከል ከታወቁት ፊልሞች ጥቂት ጥቂት እየቈረጡ እንደ ጌጥ ይሰካሉ። ሁለተኞቹ ጋብቻውን፥ ፍቺውንና የፍርድ ቤቱን ክርክር እየተከተሉ ይሄዳሉ። በመጀመሪያው መንገድ ሰውዬው ጣዖት ይሆናል፤ በሁለተኛው የመንደር ወሬ ይሆናል። በሁለቱም ግን ተመልካቹ ያ ሰው በምን ሥራ ታላቅ ለመባል እንደ በቃ ሳይረዳ ከወንበሩ ይነሣል።

የዚህ ሒስ ዓላማ ሦስተኛ መንገድ የተከተለውን አንድ ሥራ መመርመር ነው። ይኸውም ኬቪን ብራውንሎውና ዴቪድ ጊል ቴምዝ ለተባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ድርጅት አዘጋጅተውት በ1983 የታየው «ያልታወቀው ቻፕሊን» ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።) ሥራው በሦስት ክፍል የቀረበ ሲሆን ተራኪው ተዋናዩ ጄምስ ሜሰን ነው። እነዚሁ ሁለት አዘጋጆች ከዚያ ቀደም በ1980 «ሆሊዉድ» የተባለውን በዐሥራ ሦስት ክፍል የተከፈለ የድምፅ አልባ ፊልሞች ታሪክ አቅርበው ስለ ነበር፥ ለሥራው እንግዶች አልነበሩም።

ቻርልስ ቻፕሊን በ1889 በለንደን ተወለደ፤ በልጅነቱ የድኾች መጠለያ ውስጥ እስከ መግባት የደረሰ ችግር አይቶአል፤ በ1914 በአሜሪካ ፊልም መሥራት ጀመረ፤ በ1977 የልደት ዕለት በስዊስ አገር ሞተ። ይህን ሁሉ ማንም መጽሐፍ ይነግረናል። እርሱም ራሱ በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ስለ ድኽነቱ በሰፊው ጽፎአል። ነገር ግን ስለ አንድ ጉዳይ እጅግ ቈጣቢ ነበረ። ፊልሞቹን እንዴት እንደ ሠራቸው ብዙ አልተናገረም። የሥራ ቤቱን በር ዘግቶ የኖረ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ሚስጥሩን የገለጡት እርሱ ከሞተ በኋላ የተገኙት ቁርጥራጮች ናቸው፤ ማለትም ተቀርጸው በመጨረሻው ፊልም ያልገቡት፥ ሕዝብ እንዲያያቸው ያልታሰቡት ጥቅልሎች። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ሬይመንድ ሮሃወር በተባለ የፊልም ሰብሳቢ እጅ ነበሩ፤ ሌሎቹም የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ኡና ቻፕሊን ፈቃድ ስለ ሰጡ ከቤተ ሰቡ ግምጃ ቤት የወጡ ናቸው።

አዘጋጆቹ በእነዚህ ጥቅልሎች የተጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ሆኖ ሳለ ብልኀት ያለበት ነው። አንድ ቀረጻ ሲጀመር ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ሰሌዳ በካሜራው ፊት ትታያለች። ብራውንሎውና ጊል የተበታተኑትን ቁርጥራጮች በሰሌዳዋ ቁጥር ቅደም ተከተል ሲደረድሯቸው፥ አንድ ሐሳብ ከቀን ወደ ቀን ሲወለድ፥ ሲሰናከልና ሲታረም ታየ። ቻፕሊን በ1916 እና በ1917 ሙቿል ለተባለው ኩባንያ ዐሥራ ሁለት አጫጭር ፊልሞችን ሲሠራ የተዘጋጀ ድርሰት በእጁ አልያዘም ነበር። ሌላው ደራሲ በወረቀት ላይ ጽፎ የሚሰርዘውን እርሱ በፊልም ላይ እየጻፈ ይሰርዝ ነበር።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በ1917 የወጣው «ስደተኛው» ነው። የተጠናቀቀው ፊልም በመርከብ ይጀምራል፤ ስደተኞቹ ወደ አሜሪካ ሲገቡ ያሳያል፤ ከዚያም በኋላ ከርታታውና ልጅቱ በምግብ ቤት ይገናኛሉ። ይህን ያየ ሁሉ ቻፕሊን ስለ ስደት ለመናገር አስቦ ተነሣ ብሎ ይገምታል። የሰሌዳዋ ቁጥር ግን ሌላ ይመሰክራል። መጀመሪያ የተቀረጸው የምግብ ቤቱ ክፍል ነው። የአሳላፊውን ስፍራ በመጀመሪያ ሄንሪ በርግማን ይዞት ነበር፤ ቀልዱ ግን ክብደት አላገኘም። ኤሪክ ካምቤል የተባለው ግዙፍ ሰው በተተካ ጊዜ፥ ሒሳቡን መክፈል ያቃተው ድኻ ፍርሃት እውነተኛ ፍርሃት ሆነ፤ ሣቁም ከዚያ መጣ። ከዚያ በኋላ ደግሞ እነዚህ ሁለት ሰዎች ከየት መጡ፥ ቀድሞስ የት ይተዋወቃሉ የሚል ጥያቄ ተነሣ። መርከቡ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። እንግዲህ የፊልሙ ራስ የተገኘው ከጅራቱ በኋላ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ክፍል የሚያሳየው ከዚህ የበለጠውን ትግል ነው። «የከተማ መብራቶች» በ1928 መጨረሻ ተጀምሮ በ1931 መጀመሪያ ታየ። ከርታታው ከዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ጋር የሚገናኝበት ትርዒት ቻፕሊንን ብዙ አስጨንቆታል። ልጅቱ ይህን ቡትቶ ለባሽ ሀብታም ነው ብላ ልትሳሳት ይገባል፤ ግን አታይም፤ ፊልሙም የሰው ንግግር የማይሰማበት ነው። በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ የመኪና በር ነው። ከርታታው መንገዱ ስለ ተዘጋበት በቆመ መኪና ውስጥ አልፎ በእግረኛው መንገድ በኩል ይወርዳል፤ በሩን ሲዘጋ ልጅቱ ትሰማና ባለመኪና ነው ትላለች። በድምፅ አልባ ፊልም ውስጥ ታሪኩን ሁሉ የሚሸከመው ድምፅ ሆነ ማለት ነው። ሠዓሊው ራልፍ ባርተን በራሱ ካሜራ ያነሣው ምስል ቻፕሊን ይህንኑ ትርዒት ሲያዘጋጅ ያሳየናል። አበባ ሻጯን ሆነው የሠሩት ወይዘሮ ቨርጂኒያ ቸሪልም ቀርበው በመካከላቸው መዋደድ እንዳልነበረ ያለ ኀፍረት ይናገራሉ። ከሥራ እንደ ተባረሩ፥ ጆርጂያ ሄልም በስፍራቸው እንደ ተሞከሩ፥ በኋላም ቸሪል የደመወዝ ጭማሪ ጠይቀው እንደ ተመለሱ እንሰማለን። ጆርጂያ ሄል የሞከሩት ቀረጻም ራሱ ይታያል።

የዚህ ፊልም ዋና ምስጋና እዚህ ላይ ነው። «ሊቅ ነበረ» ብሎ አይነግረንም፤ ሲደክም ያሳየናል እንጂ። በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በማኅሌት የምንሰማው የተዋበውን ቅኔ ነው፤ ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ ሲቈጥር ያፈረሰውን፥ መምህሩም ያረመውን አንሰማም። ስለዚህ የማያውቅ ሰው ቅኔው ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል። «ያልታወቀው ቻፕሊን» ይህን አጉል እምነት ያፈርሳል፤ ሰውዬውን ሲያፈርስበት ግን አይታይም። እንዲያውም በሦስተኛው ክፍል በ1910ዎቹ መጨረሻ ገደማ የተቀረጸና ሳይወጣ የቀረ የቁንጫ ቀልድ እናያለን፤ ያ ቀልድ ተለውጦ በ1952 በወጣው «ላይምላይት» በተባለው ፊልም ተገኝቶአል። ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ ሐሳብ ሳይጥል የያዘ ሰው ትዕግሥት ከማንኛውም የምስጋና ቃል ይልቅ ይናገራል።

ይሁን እንጂ ሦስት ነቀፌታዎች ሊነሡ ይገባል።

የመጀመሪያው የመብት ጥያቄ ነው። አንድ ሰው በሕይወቱ ሳለ የደበቀውን ከሞተ በኋላ ማሳየት ተገቢ ነውን? በአገራችን ሙት ወቃሽ መሆን ነውር ነው፤ የሞተ ሰው መልስ ሊሰጥ አይችልምና። በኔ አስተያየት መልሱ የሚገኘው በአቀራረቡ ነው። አዘጋጆቹ ቁርጥራጩን ለመሳለቂያ አላወጡትም፤ የተሰናከለውን ቀረጻ ሁሉ ከተሳካው ጎን አቁመው፥ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ያደረገውን አገልግሎት አሳዩ እንጂ። ደግሞም ከወራሾቹ የተገኘው በፈቃድ የተገኘ ነው። ስለዚህ ይህን ነቀፌታ ፊልሙ ይመልሰዋል።

ሁለተኛው የማስረጃ ጥያቄ ነው። ሰሌዳዋ ቅደም ተከተሉን እንጂ ምክንያቱን አትናገርም። በርግማን በካምቤል እንደ ተተካ እናያለን፤ ስለ ምን እንደ ተተካ ግን የሚነግረን ተራኪው ነው። እኔም ከላይ ስለዚሁ ነገር ስጽፍ ምክንያት ሰጥቻለሁ፤ ምክንያቱ የሚያሳምን ቢሆንም ግምት መሆኑ አይቀርም። ሐሳብም ሁሉ በካሜራ ፊት አይወለድም፤ ሌሊት በአልጋ ላይ ወይም ከባልንጀራ ጋር በመነጋገር የሚመጣ አለ፤ የእርሱ ቁርጥራጭ ደግሞ በየትም ግምጃ ቤት አይገኝም። ጄምስ ሜሰን ረጋ ባለው ድምፁ የሚሰጠውን ግምት ተመልካቹ በዐይኑ እንዳየው እውነት አድርጎ ሊቀበለው ይችላል። የታየውና የተገመተው በግልጽ ቢለዩ ኖሮ ሥራው ይበልጥ በጠነከረ ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። ወይዘሮ ሊታ ግሬይ በ1921 በወጣው «ልጁ» በተባለው ፊልም ውስጥ መልአክ ሆነው ሲታዩ ገና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። በ1924 «የወርቅ ጥድፊያ» ሲጀመር ዋናዋ ሴት እንዲሆኑ ተመረጡ፤ በዚያው ዓመት አርግዘው ቻፕሊንን አገቡ፤ እርሳቸው ዐሥራ ስድስት፥ እርሱ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነበረ። ስፍራቸውን ጆርጂያ ሄል ያዙት፤ ጋብቻውም በ1927 በፍቺ ፈረሰ። በ«ያልታወቀው ቻፕሊን» ሊታ ግሬይ ምስክር ሆነው ይቀርባሉ፤ የሚመሰክሩት ግን በተለይ ስለ ሥራው ነው። ለፊልሙ እርሳቸው የአንድ ተዋናይ መለወጥ ምክንያት ናቸው። ለራሳቸው ግን ይህ የልጅነታቸው ዕድሜ ነበረ። «እኛ የምንናገረው ስለ ሥራው ብቻ ነው» የሚለው መርሕ ከመንደር ወሬ ያድነናል፤ ነገር ግን ሥራው የአንዲትን ልጅ ሕይወት ሲነካ ዝም ማለት ከወሬ መራቅ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ለአንድ ወገን ማድላትም ይሆናል።

ይህን ጉድለት የተረዱ ሰዎች በኋላ ተነሥተዋል። በ2021 ፒተር ሚድልተንና ጄምስ ስፒኒ ያቀረቡት «እውነተኛው ቻርሊ ቻፕሊን» የቈዩ የድምፅ ቅጂዎችን እያሰማ፥ ተዋንያን ከንፈራቸውን ከድምፁ ጋር እንዲያንቀሳቅሱ አድርጎ፥ ለሊታ ግሬይም ድምፅ ሰፋ ያለ ስፍራ ሰጥቶአል። በዚህ ረገድ ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን ልደቱን፥ ዝናውን፥ ትዳሩንና ከአሜሪካ መራቁን ሁሉ በአንድ ፊልም ለመያዝ ስለሚሞክር፥ በሥራ ቤቱ በር ላይ ቈሞ አልፎ ይሄዳል። ሪቻርድ አተንቦሮ በ1992 በተዋንያን አሠርቶ ያቀረበው «ቻፕሊን» የተባለው ፊልምም እንዲሁ ከዘመን ወደ ዘመን እየሮጠ በአንዱም ሳያርፍ ያልቃል። ሁሉን ለመናገር የተነሣ ፊልም የሚታየውን ነገር ያጣል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። «ያልታወቀው ቻፕሊን» የሕይወት ታሪክን በቴሌቪዥን ለማቅረብ ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ የተሻለውን አሳይቶአል፤ የሠራተኛን ሕይወት በሥራው ላይ ማንበብ። ጉድለቱ ግን ከዚሁ ጥንካሬው የመጣ ስለ ሆነ፥ የእርሱን ፈለግ የሚከተል ሁሉ ሊጠነቀቅበት ይገባል። ለፊልም ቁርጥራጭ የተሰጠው ትዕግሥት ለሰውም ሊሰጥ ይገባ ነበር። ከቀረጻ የወጣችውን ልጅ «ከፊልሙ ስለ ወጣች ከታሪኩም ትውጣ» ብሎ መተው፥ የተጣለውን አንሥቶ ለማንበብ ከተነሣ ሰው የሚጠበቅ አይደለም።

ለዚህ ሥራ ጊዜ የማይታገሥ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል። በዚህ ፊልም ቃላቸውን ከሰጡት መካከል በ«ልጁ» ውስጥ ሕፃኑ የነበረው ጃኪ ኩገን በ1984 ሞተ፤ ጆርጂያ ሄል በ1985 ሞቱ፤ ተራኪው ጄምስ ሜሰንም በ1984 አለፈ። ሊታ ግሬይ እስከ 1995 ኖረዋል። ፊልሙ ጥቂት ዓመት ቢዘገይ ኖሮ ቁርጥራጩ በግምጃ ቤቱ ይቈይ ነበር፤ ስለ ቁርጥራጩ የሚናገር ሰው ግን ባልተገኘም ነበር። ጥቅልል ፊልም በቀዝቃዛ ክፍል ብዙ ዘመን ይጠብቃል፤ ምስክር አይጠብቅም። ምስክር ሳለ ያልተጠየቀ ጥያቄ ደግሞ ከተጣለ ቁርጥራጭ ይልቅ የጠፋ ነው፤ ማንም ፈልጎ አያገኘውምና።