ስንት ደቂቃ ይገባል?

ፊልም ዲስክ ላይ መጫን የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አንድ ዲቪዲ ስንት ፊልም ይይዛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው የዋህ ይመስላል፤ እኔ ግን የአብዛኛው የተበላሸ ዲስክ መነሻ እሱ ነው ባይ ነኝ። ፊልም መስፈሪያ አይሆንም። አንዱ ሰማንያ ደቂቃ ነው፣ ሌላው የህንድ ሆኖ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። ዲስኩ የሚያውቀው ቢትና ሰከንድ ብቻ ነው። 4.7 ጊጋ የሚባለው ባዶ ዲቪዲ 37.6 ቢሊዮን ቢት ይይዛል (ኮምፒውተሩ በራሱ አቆጣጠር 4.38 ብሎ ሲያሳይ ጀማሪው የተሰረቀ ይመስለዋል)። ይህን ለሰከንዱ ማካፈል ነው ሥራው። 120 ደቂቃ ብቻ ከተጫነ በሰከንድ 5,200 ኪሎ ቢት ይደርሳል፣ እንደ ልብ ነው። እያንዳንዳቸው 110 ደቂቃ የሆኑ ሦስት ፊልሞች ከተጫኑ ግን፣ ጠርዙ ላይ 300 ሜጋ ባዶ ትተን ለድምፁ በሰከንድ 192 ኪሎ ቢት ከቀነስን በኋላ፣ ለምስሉ የሚቀረው 1,550 አካባቢ ነው። ጠርዙ ለምን ባዶ እንደሚቀር ኋላ እመለስበታለሁ።

ስህተቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። 1,550 ይዞ ምስሉን በሙሉ ስፋቱ፣ በ720 በ576፣ ካልጫንኩ የሚል አለ። ጥቂት ወጥ ለብዙ እንጀራ እንደማዳረስ ነው፤ ሁሉም ደረቅ ይሆናል። ተዋናዮቹ ቁጭ ብለው ሲያወሩ ምንም አይልም፣ አንዱ ተነስቶ ሲሮጥ ግን ምስሉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ይፈርሳል። የዲቪዲ ደንብ 352 በ576ንም ይፈቅዳል፤ ነጥቦቹ ከግማሽ በታች ስለሚሆኑ ለእያንዳንዷ የሚደርሳት ቢት ከእጥፍ ይበልጣል። ምስሉ ትንሽ ይለሰልሳል እንጂ አይፈርስም። ለሰፊ ስክሪን አይበቃም ለሚለኝ፣ የአማርኛ ፊልም በሁለት ቪሲዲ ተከፍሎ ሲሸጥ የኖረው በ352 በ288 እና በ1,150 ኪሎ ቢት መሆኑን አስታውሰዋለሁ። በእርግጥ ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ትንሽ ነበር። ሆኖም ሰፊ ስክሪን አጉልቶ የሚያሳጣው ከመለስለሱ ይልቅ የፈረሰውን ነው።

አሶሳ ዙሪያ የተቀረጸ ቪዲዮ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው፤ ከበስተኋላ ሽመል አይጠፋም። የመጭመቅ ብልሃቱ ካለፈው ፍሬም ያልተለወጠውን ባለመድገም ላይ የቆመ ነው፤ የግድግዳ ምስል ምንም አያስወጣም። ሽመሉን ነፋስ ሲነካው ግን እያንዳንዷ ቀጭን ቅጠል በየፍሬሙ ቦታ ትለውጣለች፣ መጭመቂያው የሚቆጥበው ያጣል። ሠርግ ላይ ዙምባራ የሚነፉት ሰዎች ክብ ሠርተው ሲዞሩ፣ ከእግራቸው ሥር አቧራ ሲነሳ፣ ከዚያም የከፋ ነው። ለዚህ ነው ሁለት ዙር የማይሠራ ሰው ሙያውን አያውቀውም የምለው። በመጀመሪያው ዙር ፕሮግራሙ ቪዲዮውን ከዳር እስከ ዳር ያያል፣ በሁለተኛው ከወሬው ቀንሶ ለጭፈራው ይሰጣል። ጊዜው እጥፍ ይሆናል፣ መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ቢሆንም ሌሊቱን ያስከፍል።

ተቃራኒው ወገን «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ፊልሞቹን በኤምፔግ 4 ጨምቀህ እንደ ፋይል ጫናቸው» ይላል። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ኤምፔግ 4 ዲቪዲ ከሚጠቀምበት ኤምፔግ 2 በብዙ ይቆጥባል፤ ባለ 700 ሜጋ ፋይል ስድስት ያህል ተመችቶት ይገባል። ነገር ግን ዲስኩን የሚያነበው ኮምፒውተር ሳይሆን የሰው ቤት ዴክ ነው። ዲቪኤክስ የሚባለውን የኤምፔግ 4 ዓይነት የሚያነቡ ዴኮች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ገበያ ላይ ቢኖሩም፣ የአጨማመቁ አንዳንድ ረቂቅ ቅንብሮች ብዙዎቹን ያደናቅፏቸዋል፤ አንዱ ቤት የሚሠራው ፋይል ጎረቤት ቤት ድምፅ ብቻ ያሰማል። ከዚህ በላይ የሚያንገበግበኝ የፊደላችን ነገር ነው። በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፋይል እንዲህ ባለ ዴክ ላይ የባዶ ሳጥን ሰልፍ ሆኖ ይታያል፤ ለብቻው በጽሑፍ ፋይል የተቀመጠ የአማርኛ ትርጉምም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ዴኩ ውስጥ ፊደሉ የለም። በትክክለኛው የዲቪዲ አሠራር ግን የግርጌ ጽሑፍ ሥዕል ነው። ዴኩ አያነበውም፣ እንዳለ ምስሉ ላይ ይደርበዋል፤ ስለዚህ የትኛውም ፊደል ይሠራል። 32 የግርጌ ጽሑፍና 8 የድምፅ መስመር ይፈቀዳል። በርታውም አማርኛ ተናጋሪውም አረብኛ የለመደውም በሚጎራበቱበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለ110 ደቂቃ ፊልም አንድ ተጨማሪ የድምፅ መስመር የሚወስደው 160 ሜጋ ያህል ነው። በሪሞት አንድ ጊዜ ተጭኖ ከአማርኛው ተራኪ ወደ በርታው ተራኪ መሻገር ቢቻል፣ ለዚያ ሲባል ከሦስቱ ፊልም አንዱ ቢወጣ አላዝንም።

ፍላሽ ዲስኩን ገደለው የሚሉም አሉ። ግማሽ እውነት ነው። ፍላሹን የሚሰኩት ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ዴክ ላይ ነው፤ ያው ዴክ፣ ያው ችግር፣ ያው የሳጥን ሰልፍ። ደግሞም ፍላሽ ላይ ያለው ለሙዚቃ ቦታ ሲፈለግ ይጠፋል፤ አንድ ጊዜ የተጻፈ ዲስክ ላይ ግን የሠርግ ቪዲዮ በስህተት አይደመሰስም። የቅጂ መብቱን ጉዳይ የሚያነሳ ትክክል ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግለሰብ ለግል ጥቅሙ የሚያዘጋጀውን አንድ ቅጂ እንጂ ለገበያ የሚባዛውን አይፈቅድም፤ እኔም የምከራከረው ስለ ቤት ዲስክ ነው።

አሁን ወደ ጠርዙ። ዲስክ የሚጻፈው ከመሐል ወደ ዳር ነው፣ ስለዚህ የመጨረሻው ፊልም መጨረሻ የሚያርፈው ጠርዙ ላይ ነው። ዲስኩ ሲዞር ይበልጥ የሚዋዥቀው ጠርዙ ነው፣ ሰው ሲያነሳው የሚይዘው ጠርዙን ነው፣ አቧራና ላብ የሚያገኘውም እሱኑ ነው። ታሪኩ ሊቋጭ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደርቆ የሚቆም ፊልም ሁሉ ምክንያቱ ይህ ነው ባልልም፣ እስከ አፉ በተሞላ ዲስክ ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ግን እሱን ነው። «300 ሜጋ ግማሽ ፊልም ነው፣ ይባክናል» ለሚለኝ መልሴ ዲስኩን ገልብጦ ወደ ብርሃን እንዲያዘነብለው ነው። የተጻፈው ክፍል ካልተጻፈው ቀለሙ ይለያል፤ 300 ሜጋ ተትቶለት ከሆነ ዳር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል የምታህል ቀለበት ትታያለች። የጣት አሻራው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።